12 ግራም ወፍ፣ የአንድ ቤት ሙሉ ጣጣ

ሐዋሳ ውስጥ ወፍ ለማየት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ካለ፣ አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ ቱሪስት ብቻ ነው። የከተማው ሰው በነጻ ያያል፤ አንዳንዴም ሳይፈልግ ያያል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ብቅ ያሉ እንደሆነ፣ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርሰው አባ ኮዳ ከዓሣ በላቾቹ ጎን ቆሞ የድርሻውን አንጀት ይጠብቃል። ከዘገየበት ወደ ቢላዋው ጠጋ ይላል። ማንም በሽቦ አላጠረውም፤ ማንም ቀለብ አልቆረጠለትም፤ እሱም ለማንም ምስጋና አያቀርብም። መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ ደግሞ ረዳቶቹ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» ማለት ሳይጀምሩ አጥር ላይ ያሉት ወፎች የጠዋቱን ጩኸት አገባደዋል።

እንግዲህ በዚህ ከተማ፣ በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ አንድ አባወራ ወፍ በገንዘቡ ሊገዛ ተነሣ እንበል። እንበል ማለታችን ሰውየው በስም የሚጠራ ስላልሆነ ነው እንጂ ጠባዩን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ማታ ማታ ስልኩ ላይ ተጎንብሶ ቀያይ መንቆር ያላቸው ትንንሽ ወፎች እርስ በርስ ላባ ሲያበጣጥሩ ሲያይ ያመሻል። ምክንያትም አዘጋጅቷል፤ «ልጆቹ ከስልክ ይላቀቃሉ» ይላል፣ ስልኩን ሳይለቅ። ሚስቱ የመለሰችለት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ኩሱን ማን ሊጠርግ ነው?» ልጆቹ በአንድ ድምፅ «እኛ!» አሉ። እናትየው ይህን «እኛ» ከዚህ ቀደም በቡችላ ጊዜም ሰምታዋለች።

ስልኩ ላይ ያየው ዜብራ ፊንች የሚባለውን ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ደረቅ ሜዳ ላይ በመንጋ የሚኖር፣ ክብደቱ 12 ግራም ገደማ የሆነ ሣር ፍሬ ለቃሚ። ወንዱ ጉንጩ ብርቱካንማ፣ ደረቱ ሽንትር፣ ጎኑ ነጠብጣብ አለበት። ሴቷ አመድማ ናት፤ መንቆሯም ከሱ ቀይ ደብዘዝ ያለ ብርቱካንማ ነው። አውስትራሊያ የዱር ወፎቿን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ስለዚህ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየቤቱ የሚንጫጫው ዜብራ ፊንች ቅድመ አያቶቹም ጭምር ቀፎ ውስጥ የተፈለፈሉ፣ አውስትራሊያን በወሬም የማያውቅ ነው። ሳይንቲስቶችም በጣም ይወዱታል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሙሉ ዘረ መሉ ሲነበብ ከዶሮ ቀጥሎ ሁለተኛው ወፍ ሆኗል። ዶሮ የቀደመችው በወጥነቷ ይሁን በሌላ፣ እሱን ለባለሙያዎቹ እንተወው።

መጓጓዣው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ጥንዶቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ከሆነ 275 ኪሎ ሜትር በካርቶን፣ ካርቶኑም በምስማር ተበሳስቶ፣ ባለቤቱ ጭን ላይ። ረዳቱ ካርቶኑን አየት አድርጎ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። «ወፍ ነው።» «ዶሮ ነው?» «አይ፣ ወፍ።» ረዳቱ ለዶሮ ታሪፍ አለው፤ ለወፍ የለውም። ጥቂት ያስብና የዶሮውን ያስከፍላል። በሚዛን ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ወፎች ክብደት ከተሳፋሪው ስልክ እጅግ ያነሰ ነበር።

ይህ ግን በሌላው ዓለም ከሚደረገው ጋር ሲተያይ የክብር ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በኒውዮርክ ጆን ኤፍ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ከጉያና የመጣ ሻንጣ ሲከፈት 70 ፊንቾች እያንዳንዳቸው በፕላስቲክ የጸጉር ቢጎዲን ውስጥ ተወትፈው ተገኙ። ቢጎዲን! ሴቶቻችን ለሠርግ ማለዳ የሚጠቀለሉበት። ነገሩ የሆነበት ምክንያት የጉያና ተወላጆች ኒውዮርክ መናፈሻዎች ውስጥ የሚያደርጉት ውድድር ነው። ሁለት ቀፎዎች ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ ቀድሞ 50 ጊዜ የዘመረው ያሸንፋል፤ ቆሞ የሚያየው ሰው ይወራረዳል። ከጉያና የመጣ ወፍ ከአሜሪካ ተወላጁ የተሻለ ይዘምራል ተብሎ ስለሚታመን ዋጋው ይሰቀላል። ቤልጂጎች በፍላንደርስ ያላቸው ውድድር ደግሞ ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ወፎቹ በትንንሽ የእንጨት ሣጥን ተደርገው በመንገድ ዳር ይደረደራሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዘመሩ አንድ ሰው ተቀምጦ ረጅም ዱላ ላይ በጠመኔ ይሰምራል። የእኛ ሰው ጨዋታ ሲያምረው ዳማ ይጫወታል፤ ቢያንስ ጠጠሩ ቀለብ አይጠይቅም።

ወፎቹ ሐዋሳ ገቡ። አሁን ቤት ያስፈልጋቸዋል።

ብየዳ ቤት ያለ ሰው «የወፍ ቤት ሥራልኝ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የመስኮት ፍርግርግ ነው። ሁለተኛ የሚታየው ጉልላት ነው። በመሆኑም አባወራው የተረከበው ቀፎ ቁመቱ ከልጁ የሚበልጥ፣ ጫፉ ላይ ጉልላት ያለው፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ነብር ቢገባበት የማያወጣ ግሩም ሥራ ሆነ። ፊንች ግን ወደ ላይ አይበርም፤ ወደ ጎን ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጋደም ያለ ሣጥን ነው፤ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም መብለጥ የለበትም። ነብር የማያወጣው ቀፎ 12 ግራም ወፍ እንደልቧ ታልፍበታለች። በመጀመሪያው ምሽት ወንዱ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሴቷ መጋረጃ ዘንግ ላይ አደሩ፤ ቤተሰቡም እንዳይረበሹ ብሎ በጨለማ ራቱን በላ። በማግሥቱ ብየዳ ቤቱ ዙሪያውን የወንፊት ሽቦ መታበት። ጉልላቱ ግን ቀረ፤ ተከፍሎበታል።

ከዚያ የምግብ ነገር መጣ። ፊንች ደቃቅ ፍሬ ነው የሚወደው፤ ዳጉሳ፣ የሣር ፍሬ፣ እና ጤፍ። ዳጉሳ ሲባል ቤቱ ዝም አለ፤ ጤፍ ሲባል እናትየው ከማድ ቤት ወጣች። በዚህ ዘመን ለጤፍ የሚወጣውን ገንዘብ የሚያውቅ ሁሉ ፊቷን በዓይነ ኅሊናው ሊያየው ይችላል። እውነቱን ለመናገር አንድ ፊንች በቀን የሚበላው ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይዘልም። ጉዳዩ ግን የመጠን አልነበረም፤ የመርህ ነበር። ልጆቹ እንጀራ ሲያስተርፉ በሚቆጡበት ቤት፣ ጤፍ የሚዘራ ወፍ እንዴት ይታለፋል?

መዝራት ብቻ አይደለም። ፊንች ፍሬውን በመንቆሩ ፈልፍሎ ይውጥና ገለባውን መልሶ እዚያው ሰሐን ላይ ይተወዋል። ጀማሪ ባለቤት ሰሐኑን ሲያይ ሙሉ ነው፤ «ዛሬ አልበሉም» ይልና ይሄዳል። ወፎቹ በገለባ ክምር ላይ ቆመው በረሃብ ሊያልቁ ይችላሉ። ወፍ የሚያረቡ ሰዎች በየቀኑ ሰሐኑን እፍ ብለው ገለባውን የሚያበኑት ለዚህ ነው። አያቶቻችን ሰፌድ ይዘው ያደርጉት የነበረውን ሥራ የከተማው አባወራ ክራቫቱን አስሮ፣ ቢሮ ሊሄድ ሲል፣ በአፉ ያደርገዋል። ገለባው የሚያርፈው ክራቫቱ ላይ ነው።

ደግሞ ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትዘጋጅ ካልሲየምና ፕሮቲን ትሻለች፤ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና በደንብ የተቀቀለ እንቁላል ይሰጣታል። ይህ ሁሉ ሁዳዴ ላይ የዋለ እንደሆነስ? አማት ለጥየቃ ይመጣሉ። ማድ ቤት ገብተው ድስት ሲከፍቱ አንድ እንቁላል ይንተከተካል።

«ይሄ የማን ነው፣ ልጄ?»

«የወፎቹ ነው፣ እማማ።»

አማት ድስቱን ከደኑት። ለ55 ቀን ጾም የወፍ ሰበብ የፈጠረ ሰው አይተው አያውቁም።

ከሁሉ የከበደው ግን ቡናው ነው። የወፍ አተነፋፈስ ከእኛ ይለያል። ከሳንባው ሌላ በሰውነቱ ውስጥ የተሠራጩ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ አየሩ በሳንባው የሚያልፈው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ከሚተነፍሰው ነገር ብዙውን ይወስደዋል። ለበረራ ጥሩ ነው፤ ለጭስ ግን ክፉ። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ስኮት ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባል ወፍ ይዘው እንዲገቡ የመከረው ይህንኑ አይቶ ነው። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን ከመጣሉ በፊት ወፏን ይጥላታል፤ ቆፋሪዎቹ ያን አይተው ይወጣሉ። ወፏም እንዲያው አትጣልም ነበር፤ ኦክስጅን የምትሰጥ ትንሽ ጠርሙስ ላዩ ላይ የተገጠመበት ቀፎ ተሠርቶላት ነበር። ብሪታንያ ካናሪዎቹን ከማዕድን ጉድጓድ በጡረታ አሰናብታ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መተካት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመለስ፤ ወደ ሲዳማ፣ ወደ ቡናው አገር። ከሰል ተያይዟል፤ ቡናው እየተቆላ ጢሱ ይዞራል፤ እጣኑ ከማጨሻው ይትጎለጎላል። እንግዳው «እሰይ፣ ቤቱ ሞቀ» ይላል። ጥግ ላይ ያሉት ሁለቱ ወፎች ግን እዚያ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ገብተዋል። ቡናው ይቅር ብሎ መናገር የሚችል ወንድ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ አልተወለደም። ስለዚህ ያ ጉልላታም ብረት አቦል ሊፈላ ሲል በሁለት ሰው ሸክም በረንዳ ይወጣል፤ በረካ ሲጠጣ ይመለሳል። የማይጣበቀው መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝም ወፍ ይገድላል መባሉን አባወራው አንብቦ ነበር፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም። መጥበሻው የሠርግ ስጦታ ነው።

ድምፃቸውስ? በወሬ «ዝማሬ» ይባላል። ዜብራ ፊንች የሚያሰማው ጥሩንባ ነገር ነው፤ ለሕፃን የሚገዛ የላስቲክ ጥሩንባ፣ ቀኑን ሙሉ። የሚዘምረው ወንዱ ብቻ ነው፤ ዜማውንም ይዞ አይወለድም። ጫጩቱ ከ25ኛው እስከ 90ኛው ቀኑ ገደማ ባለው ጊዜ አባቱን እያዳመጠ፣ እየተኮላተፈ ይማራል። ያን ጊዜ ያጠናትን አንዲት ዜማ እስኪሞት ይደጋግማታል። አስተማሪ ያጣ እንደሆነ የተዘበራረቀ ነገር ይወጣዋል። አንዳንድ ጎረቤት ጫጩቶቹ ከመንገድ ማዶ ያለውን ረዳት ሰምተው «ዲላ! ይርጋለም!» ማለት ይጀምራሉ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ፊንች በቀቀን አይደለም፤ ተስፋው ከንቱ ነው።

እርባታው ግን ከንቱ አይደለም፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ከአራት እስከ ስድስት እንቁላል፣ በሁለት ሳምንት ይፈለፈላል፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጫጩቱ ጎጆ ይለቃል፤ በሦስት ወሩ ራሱ ለመውለድ ይደርሳል። ጭድና ጥጥ ካልተከለከሉ እንቁላሉ ላይ ሌላ ጎጆ ይሠራሉ፤ እሱ ላይ ደግሞ ይጥላሉ፤ ከሥር ያለው ይቀዘቅዛል። ኮንዶሚኒየም የጀመሩ እንጂ ያስረከቡ አይደሉም። ባለቤቱ ጊዜ ወስዶ ጎጆውን ካላነሣባቸው ሁለት ብሎ የጀመረ ሰው ዓመት ሳይሞላው ለዘመድ ለወዳጅ ወፍ በካርቶን ሲያድል ይገኛል። ዘመድም ይህን አውቆ ስልክ ማንሣት ይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ደግ ነገር ካልተባለላቸው ግፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ወላጆቹ ሊፈለፈል ለተቃረበው እንቁላል የተለየ ድምፅ ያሰሙለታል፤ ያን የሰማው ጫጩት ሰውነቱ አነስ ብሎ ያድጋል፤ ለሙቀትም ይመቸዋል። የሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ከ26 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ለእንቁላል «ልጄ፣ እዚህ ይሞቃል፣ ተዘጋጅ» የሚል ወላጅ ከሰውም አይገኝም።

ይህ ሁሉ ወጪና ውጣ ውረድ ሲሆን በረንዳው ሥር ምን እየሆነ ነበር? ድንቢጦች ነበሩ። ወንዱ ከአናቱ እስከ ደረቱ ቀይ፣ ሴቷ ቡናማ፤ ሰው ባለበት የማይጠፉ፣ ማድ ቤት ደፍ ድረስ ዘልቀው የረገፈ የሚለቅሙ። የዜብራ ፊንች ሥጋ ዘመድ ናቸው፤ ያውም ቀረብ ያሉ። አጠገባቸው ደግሞ ሆዷ ሰማያዊ፣ ወንዱ ጉንጩ ላይ ቀይ ክብ ያለበት ሌላ ዘመድ አለች። የሳይንስ ስሟን እ.ኤ.አ. በ1766 የሰጣት ስዊድናዊው ሊኒየስ ከቤንጋል የመጣች መስሎት «ቤንጋሉስ» አላት። አፍሪካዊት ናት፤ ሕንድን ረግጣ አታውቅም፤ ፓስፖርቷ ላይ ግን ስሕተቱ እስከ ዛሬ አልታረመም። የመታወቂያ ስም ለማሳረም ወረፋ የያዘ ሁሉ ያዝንላታል።

በደቡብ ኢትዮጵያም የምትገኝ አናቷ ሰማያዊ የሆነ እህት ዝርያ አለቻት። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓንና የጀርመን ተመራማሪዎች በሰከንድ 300 ምስል በሚያነሣ ካሜራ ቀርጸው አንድ ጉድ አገኙባት። ወንዱም ሴቷም ለፍቅር ሲጠያየቁ የሣር ዘለላ በመንቆራቸው ይዘው ይዘላሉ፤ በዝላዩ መሐል ደግሞ በእግራቸው እንጨቱን በፍጥነት ይመታሉ፤ ዓይን አይይዘውም። እስክስታ በትከሻ ነው ያለ ሰው ይህን አላየም።

ታዲያ ድንቢጧን ይዞ ቀፎ ውስጥ ማስገባትስ? ሰፌድ በእንጨት ደግፎ፣ ገመድ ይዞ ያደባ ልጅ ሁሉ ያደረገው ነው። ነገር ግን ሕጉ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል፤ ድንቢጥም ትንሽ ሆነች እንጂ የዱር ናት። በከተማው ዛፎች ላይ የሚንጫጩት አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች ደግሞ ከአገር ውጭ ንግዳቸው በዓለም አቀፍ ስምምነት ጭምር ቁጥጥር ይደረግበታል። መልከ መልካም መሆን ለወፍ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተገለጠችውን የአንኮበር ፊንች አስቧት፤ ቡናማ ናት፣ ጭረት ጭረት አላት፣ ገደል ላይ ትኖራለች፤ በዓለም ላይ ያለችው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። እንዲህ ብርቅ ሆና ለጌጥ ልግዛሽ ያላት የለም።

በመሐሉ ከኮንሶ በኩል የአባወራው አጎት መጡ። ማሽላ ገበሬ ናቸው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ጤፍ ሲበተን ሲያዩ መጀመሪያ የሳቱ መሰላቸው። እሳቸው የሚያውቁት ወፍ ግሪሳ ነው፤ የእነዚሁ ወፎች የቅርብ ዘመድ። አንዱ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል፤ ሁለት ሚሊዮን የሆነ መንጋ 20 ቶን፤ በአንድ ቀን። በእሳቸው አገርም ሆነ በሸዋ ሮቢት ማሽላው ሲያሽት ልጅ ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮሃል፤ ሲብስ አውሮፕላን መጥቶ መድኃኒት ይረጫል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ግሪሳ አይደሉም» አላቸው አባወራው።

«አውቃለሁ» አሉ አጎት። «ግሪሳ ሳይጠራ ነው የሚመጣው። እነዚህን ከፍለህ አመጣሃቸው።» ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ወንጭፉ ቤት ቀርቷል።

ጥንዶቹ ከነጫጩቶቻቸውና ከነጉልላታቸው ለአንድ የሥራ ባልደረባ ተላለፉ፤ ባልደረባው ቡና አይጠጣም። አባወራው ግን ልማዱ አልለቀቀውም። በረንዳው ጥግ ሁለት የሸክላ ሰሐን አስቀመጠ፤ አንዱ ላይ ውኃ፣ ሌላው ላይ የተነፋ የጤፍ እንክርዳድ። ድንቢጦቹ በሳምንት ውስጥ ተላመዱት። ቆርቆሮው ሥር ጎጆ ሠሩ። ማጽዳት የለ፣ ቀፎ የለ፣ ክራቫት ላይ ገለባ የለ። ሚስቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ሳታወጣ አለፈች።

እንዲያው ከአጥሩ በላይ ካለው የመብራት ሽቦ ላይ አንድ ጥቁር፣ እግሩ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ መቀመጥ ጀመረ። የድንቢጧን ዜማ አጥንቶ እሷን መስሎ ይዘምራል። የዝርያው ሴት ደግሞ ድንቢጧ ከቤት ወጣ ስትል ጎጆዋ ገብታ የራሷን እንቁላል ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ጫጩት አፉን ሲከፍት የላንቃው ነጠብጣብ ከድንቢጥ ልጅ ጋር አንድ ነው። የቤቱን ልጆች አይገፋም፤ አብሯቸው ይጎርሳል። አከራይ ቢሆን ለደባል ተጨማሪ ይጠይቅ ነበር። ድንቢጧ ሁሉንም ታጎርሳለች፤ አባወራውም ከሚበትነው ጤፍ እኩሌታው ለማን ልጅ እንደሚሄድ ሳይጠይቅ ጠዋት ጠዋት ሰሐኑን ይሞላል።